የሕይወት ታሪክ በሠላሳ አንድ ፐርሰንት

አባት ለልጁ ያወርሳል ይባላል። እኛ ቤት ነገሩ ተገልብጧል፤ ይህን ላፕቶፕ ያወረሰኝ ልጄ ነው። ቦሌ ያለው መሥሪያ ቤቱ አዲስ ሲሰጠው አሮጌውን በቦርሳ ይዞልኝ መጣና «አባዬ፣ ከስክሪብቶ ይሻልሃል» አለኝ። አልተሻለኝም። ስክሪብቶ ሃምሳ ዓመት ስገለገልበት አንድ ቀን እንኳ አራት ፎቅ አስወርዶ ጠጋኝ ዘንድ አልወሰደኝም።

ለሽማግሌ ላፕቶፕ ምን ይሠራለታል የሚል ይኖራል። እኔ የእድራችን ጸሐፊ ነኝ። ሰሚት ኮንዶሚኒየም ከገባን ጀምሮ በሰፈራችን ሰው ሲሞት የሕይወት ታሪኩን አዘጋጅቶ ቀብር ላይ የሚያነበው ይህ የእኔ ጉሮሮ ነው። ለዚህ ሥራ አንዲት ቅጽ አለችኝ። ስሙን እቀይራለሁ፣ የትውልድ ቦታውን እቀይራለሁ፣ የልጆቹን ቁጥር አስተካክላለሁ፤ ደግነቱን ግን አልነካም። በእኔ እጅ ያለፈ ሁሉ ሩህሩህ፣ ሰው አክባሪ፣ ለተቸገረ ደራሽ ነው። በሰፈራችን ክፉ ሰው ሞቶ አያውቅም። ክፉዎቹ በሙሉ ገና በሕይወት አለን።

አንድ ቀን ወዳጄ ጎሮ ካለው ቤቱ ደወለልኝ። ከዚህ ሰው ጋር በአንድ የመንግሥት መዝገብ ቤት ውስጥ ጠረጴዛ ለጠረጴዛ ተቀምጠን ነው ያረጀነው። ሐኪሞች ሆዱን ሊከፍቱት ቀጠሮ ይዘውለት ነበር። እኔ እንደ ወጉ «አይዞህ፣ እግዚአብሔር ያውቃል» ልል ጉሮሮዬን ስጠርግ ቀደመኝ።

«የሕይወት ታሪኬን ጻፍልኝ።»

«አንተ ሰውዬ፣ ሳትሞት?»

«የሰዉን ሁሉ ስታነብ ፀሐይ ላይ ቆሜ ሰምቻለሁ። የራሴ ሲነበብ ግን የማልሰማው እኔ ብቻ ነኝ። ድግሱ የእሱ ሆኖ ሳለ ባለቤቱ ብቻ የማይቀምሰው የት አገር ነው?»

«ሰው ምን ይላል?»

«ከሞትኩ በኋላ ደግሞ እርማት አትቀበሉም» አለና ዘጋው።

ሁለት ሳምንት ሠራሁበት። ለሌላው ሁለት ሰዓት ነው የሚፈጅብኝ። ቀጠሯችን ረቡዕ ከሰዓት በኋላ ሆነ፤ ሐሙስ ጠዋት እሱ ሆስፒታል ይገባል። ከዚያ ወዲያ የሚሆነውን የሚያውቅ የለም። ስለዚህ ረቡዕ ከሰዓት ካልተነበበለት የሚነበብለት ጊዜ ላይኖር ይችላል፤ ይህን እሱም እኔም አፍ አውጥተን አልተናገርነውም።

ረቡዕ ጠዋት መብራት ጠፋ።

እዚህ ላይ ስለ ባትሪው መናገር አለብኝ። ከስድስት ወር በፊት ላፕቶፑ ይዞት የመጣው ባትሪ እንደ ሊጥ ኩፍ ብሎ ነበር። ልጄ አዲስ ገዝቶ ከነካርቶኑ አምጥቶ ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጠና፣ እየሮጠ ስለነበር፣ «አባዬ፣ አስገባውና ቻርጅ አድርገው» ብሎኝ ሄደ። በእጄ አስገባሁት። ቀጭ ብሎ ገባ፤ ኮራሁ። ከዚያን ቀን ጀምሮ ግን ላፕቶፑ እንደ ጥጃ በገመድ ታስሮ ከግድግዳው ጋር ኖረ። ገመዱን የነቀልክ እንደሆነ ድርግም ነው። ስክሪኑ ጥግ ላይ፣ በባትሪው ምልክት ላይ፣ ቀይ ኤክስ ተቀምጧል። ቀይ ኤክስ ከአራተኛ ክፍል የሒሳብ ደብተሬ ጀምሮ የማውቀው ወዳጄ ነው፤ ተሳስተሃል ማለት ነው። የተሳሳትኩት እኔ ነኝ ብዬ ግን አንድ ቀን አስቤ አላውቅም። ባትሪው ፎርጅድ ነው አልኩና ሻጩን ስድስት ወር ሙሉ ረገምኩት። ለልጄ ቅር እንዳይለው አልነገርኩትም።

ጽሑፉን ሌላ ቦታ አላስቀመጥክም ወይ ትሉ ይሆናል። ፍላሽ አለኝ። ልጄ ነው የገዛልኝ። ከማሸጊያው ግን ገና አልወጣም፤ ለክፉ ቀን ብዬ አስቀምጬው ነበር። ክፉው ቀን ሲመጣ ደግሞ ፍላሹን የምሰካበት ላፕቶፕ አልበራ አለ።

ለወዳጄ ደወልኩለት፤ ጎሮም ጠፍቷል። እንግዲህ ያለኝ ተስፋ ያ የተረገመ ባትሪ ብቻ ነው። ከሆዱ አወጣሁት። እኛ ልጆች በነበርንበት ጊዜ ባትሪ ማለት የእጅ መብራቱ ነበር፤ ሆዱ ውስጥ የሚገባው «ድንጋይ» ይባላል። የሬዲዮ ድንጋይ ሲደክም ፀሐይ ላይ ይሰጣል፣ ፀሐዩ ካልረዳው ደግሞ በጥርስ ንክስ ይደረጋል፤ ነፍስ ዘርቶ ዜናውን ያስጨርሰናል። መንከሱን ተውኩት። ጥርሶቼ የሚወልቁ ናቸው፤ ባትሪው ላይ ተተክለው ይቀራሉ ብዬ ፈራሁ። ፀሐዩ ግን የማንም ነው። ባለቤቴ በረንዳው ላይ በርበሬ አስጥታ ስለነበር ከሰፌዱ ጥግ ላይ በርበሬውን ገፋ አድርጌ ባትሪውን አጋደምኩት።

ትንሽ ቆይታ በርበሬውን ልታገላብጥ ወጣች።

«ይሄ ምንድን ነው?»

«ባትሪ ነው።»

«አብሮ ይፈጫል?»

ከአንድ ሰዓት በኋላ አንስቼ ጫፉን በንጹሕ ጨርቅ ወለወልኩና መለስኩት። ቁልፉን ተጫንኩ። ምንም። አሁን የጨመረው ነገር ቢኖር ማስነጠሴ ብቻ ነው።

«እንግዲህ ሂድና በቃልህ ንገረው» አለች ባለቤቴ። «የሁሉም ያው አይደል እንዴ?»

ይህቺ ንግግር ከበርበሬው ይልቅ አቃጠለችኝ። እውነት ስለሆነች ነው።

ላፕቶፑን በፌስታል ጠቅልዬ፣ ፌስታሉን ከሾላ ገበያ በተገዛው ዘንቢል ውስጥ ከትቼ ወረድኩ። ዘንቢል የያዘ ሽማግሌ ቲማቲም እንጂ ላፕቶፕ ይይዛል ብሎ የሚጠረጥር ሌባ የለም። ታክሲ ውስጥ ጉልበቴ ላይ አቅፌው ወደ ጎሮ ስንቀርብ፣ ከመንገዱ ዳር ከኮንቴይነር የተሠራች አንዲት ሱቅ ትዝ አለችኝ፤ «ሞባይልና ላፕቶፕ ጥገና» ይላል በሯ ላይ። ወራጅ አለ አልኩ።

ባለሱቋ ሠላሳ ዓመት የማይሞላት ሴት ናት። መብራት ስለሌለ ጠረጴዛዋን በሩ ላይ ስባ በፀሐይ ብርሃን የሰው ሞባይል ሆድ ዕቃ ዘርግፋ ትሠራለች።

«አባባ፣ ይቀመጡ። ምን ሆነብዎት?»

«ባትሪው ኮምፒውተሩን አያበራም።»

«ከመቼ ጀምሮ?»

«ከተገዛ ጀምሮ።»

ባትሪውን ከላፕቶፑ አውጥታ ወደ አፍንጫዋ አስጠጋችው። «ይሄ ነገር… በርበሬ በርበሬ ይላል?»

የፀሐዩን ነገር ነገርኳት። ዓይኗ ፈጠጠ።

«ፀሐይ ላይ! አባባ፣ ሊትየም እኮ ነው! ቢፈነዳብዎትስ?»

«በእኛ ጊዜ ድንጋይ ነበር፣ ልጄ።»

«ታዲያ ድንጋይ መስሎዎት አልነከሱትም?»

ወደ ሌላ አቅጣጫ ተመለከትኩ። ቴስተሯን አነሳችና ሁለቱን ሹል ጫፎች ባትሪው አፍ ላይ አስቀመጠች። ዜሮ። ቦታ ቀየረች። ዜሮ። «አየሽ፣ ፎርጅድ ነው» አልኩ፣ ስድስት ወር ሙሉ የያዝኩትን ፍርድ በባለሙያ አስጸደቅሁ ብዬ። እሷ ግን አልመለሰችልኝም። ባትሪውን ወደ ብርሃኑ አዘነበለችው፣ በጥፍሯ ጫር ጫር አደረገችው፣ ቀና ብላ አየችኝ፣ ከዚያ በመዳፏ አፏን ያዘች። ትከሻዋ ሲንቀጠቀጥ ታየኝ።

«አባባ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና… ይሄን ላስቲክ ለምንድን ነው ያልላጡት?»

«የቱን? ያንን? እሱማ እንዳይቆሽሽ ነው የተውኩት።»

እውነቴን ነው። የመጀመሪያው ቀን አይቼዋለሁ። ብርጭቆ የመሰለች ስስ ላስቲክ ናት፤ በባትሪው አፍ ላይ፣ መዳቦቹን ሸፍና ተለጥፋለች፤ ጎትቱኝ የምትል ትንሽ ጭራ አለቻት። ፋብሪካው የለጠፈውን እኔ ማን ነኝና እነቅላለሁ? ዛሬ ጠዋት እንኳ ከሰፌዱ ካነሳሁት በኋላ በጨርቅ የወለወልኩት ላስቲኩን ነበር። አብረቀረቀ።

«ቲቪዎ ላይ ስቲከሩ አለ?» አለችኝ ሳቋን እየዋጠች።

«አለ።»

«ሪሞቱስ?»

«በላስቲክ ነው።»

«ሶፋውስ?»

«እሱ የባለቤቴ ክልል ነው፤ እኔን አይመለከተኝም።»

«የእኔም አባት እንደዚሁ ናቸው። ፍሪጁን ገዝተን የበሩን ላስቲክ ብንልጠው ሦስት ቀን አኮረፉን።» ጭራዋን ይዛ ሳበችው። ጭርር አለ። ስድስት ወር የረገምኩት ሻጭ በዚያች ቅጽበት ከነቤተሰቡ ከእርግማኔ ወጣ። ቴስተሩን መልሳ ስታስነካው ቁጥሩ ዘሎ ወጣ። ባትሪውን ላፕቶፑ ውስጥ አስገብታ ቁልፉን ተጫነች፤ ያ ላፕቶፕ ያለ ገመድ፣ ያለ ግድግዳ፣ በሜዳ ላይ በራ። ቀዩ ኤክስ የለም። በቦታው ሠላሳ አንድ ፐርሰንት ይላል።

«ከፋብሪካው ሲመጣ ከነበረው የተረፈው ነው» አለች። «አሮጌ ላፕቶፕ ስለሆነ ግማሽ ሰዓት ቢያቆይዎት ነው። አሁን ላጥፋልዎት፤ የሚያነቡበት ሲደርሱ ይክፈቱት። ምንድን ነው ግን እንዲህ የሚያስቸኩልዎት?»

«የአንድ ሰው የሕይወት ታሪክ ነው።»

ፊቷ ወዲያው ተለወጠ። «ነፍስ ይማር፣ አባባ።»

«ሻይ አፍልቶ እየጠበቀኝ ነው» አልኳትና ዘንቢሌን አንስቼ ወጣሁ። ላስቲኩን ኪሴ ከትቼዋለሁ። ለምን እንደሆነ አትጠይቁኝ።

ወዳጄ ሳሎኑ ውስጥ፣ መስኮቱ አጠገብ፣ ሻይ ይዞ ተቀምጧል። ለሆስፒታል የተዘጋጀችው ቦርሳ በሩ ሥር ቆማለች። የባትሪውን ታሪክ ስነግረው ሆዱን በሁለት እጁ ይዞ ሳቀ።

«ተው አንተ፣ ገና ሳይከፍቱኝ አትቅደደኝ! አንብብ አሁን።»

ላፕቶፑን ከፈትኩ። ሃያ ስምንት ይላል። የቀብር ድምፄን አወጣሁ፤ ይህ ድምፅ ከአንገቴ በታች ነው የሚመጣው።

«ሩህሩህ፣ ሰው አክባሪና ለተቸገረ ደራሽ የነበሩት…»

«ይሄ የማን ነው?»

«የአንተ ነዋ!»

«የዚያ የሦስተኛ ብሎኩ ሰውዬ መስሎኝ ነው። እሱም ደራሽ ነበር ብለህ አንብበሃል፤ ቤትህ ውኃ ሲገባ መሰላል እንኳ አላዋሰህም። ቀጥል።»

«…ዕድሜያቸው ለትምህርት እንደደረሰ…»

«ዕድሜዬ ደርሶ ነበር። ያልደረሰው ትምህርት ቤቱ ነው። ቀጥል።»

«…ባደረባቸው ሕመም በአገር ውስጥና በውጭ አገር በሕክምና ሲረዱ ቆይተው…»

«ውጭ አገር መቼ ነው የሄድኩት?»

«ቅጹ ላይ ያለ ነው። ላጥፋው?»

«ተወው። ያምርብኛል። የሞትኩበት ቀን ምን ይላል?»

«ክፍት ትቼዋለሁ።»

«ተባረክ። ቸኩለህ እንዳትሞላው።»

እንዲህ እየተባባልን ስንስቅ አሥራ ዘጠኝ ደረሰ። ከሥራ ዘመኑ አንድ መስመር ዘልዬ ነበርና ወደ ላይ ተመልሼ፣ ፈጠን ብዬ፣ ድምፄን ዝቅ አድርጌ አነበብኳት። «በመካከሉም ለሥራ ጉዳይ ወደ ጠረፍ ተዛውረው ለሁለት ዓመት በቅንነት አገልግለዋል።»

ሳቁ ቆመ። የሻይ ብርጭቆውን አስቀመጠ።

«ለሥራ ጉዳይ?»

«ቅጹ ላይ… እንደዚያ ነው የሚባለው።»

አሁን መናገር ያለብኝን ልናገር። ያኔ ሁለታችንም ጎልማሶች ነን። አንድ ቀን ከሥራ በቀጥታ ወደ ስታዲየም ስሮጥ ወደ ሌላ ክፍል ላደርሰው የወሰድኩት ፋይል በብብቴ ነበር። ሲሚንቶው ቀዝቃዛ ስለሆነ ፋይሉን አንጥፌ ተቀመጥኩበት። ቡድኔ አገባ። ብድግ ብዬ የማላውቀውን ሰው አቀፍኩ፣ ጨፈርኩ፣ እየጨፈርኩ ቤቴ ገባሁ። ፋይሉ እዚያው ቀረ። በማግስቱ አለቃችን መዝገብ ቤቱን አሰልፎ «ማን ነው የወሰደው?» ሲል ባለቤቴ የመጀመሪያ ልጃችንን፣ ይህን ባለ ላፕቶፑን፣ አርግዛ ስምንተኛ ወሯ ላይ ነበረች። አፌ አልተንቀሳቀሰም። እጁን ያወጣው ወዳጄ ነው። ያኔ ላጤ ነበር። «እኔ ነኝ» አለ። ለቅጣት ወደ ጠረፍ ላኩት። እዚያ እያለ እናቱ አረፈች። መርዶው የደረሰው አርባዋ ከወጣ በኋላ ነው።

በእነዚህ ሁሉ ዓመታት አንድ ቀን አንስቶብኝ አያውቅም። እኔም አላነሳሁም። ለራሴ ግን፣ ስፈልግ «ወባውን ቻለው» እያልኩ፣ ስፈልግ «ጠረፍ ሰው ያደርጋል» እያልኩ ሸፋፍኜ አኖርኩት።

«የእናቴ ቀብር ላይ ማን እንዳነበበ ታውቃለህ?» አለኝ።

«አላውቅም።»

«እኔም አላውቅም። ምን እንደተባለላትም አላውቅም።» ወደ ቦርሳው ተመለከተ፣ ከዚያ ወደ እኔ። ቁጣ የለበትም፤ እንዲያውም የዚያች ባለሱቅ ሳቅ ዓይኑ ጥግ ላይ ነበር። «እስቲ ላስቲኩን ላጥ።»

አሥራ አንድ ፐርሰንት። መስመሯን አጠፋሁ። እኔ የምጽፈው በሁለት ጣት ነው። እየጻፍኩ ድምፄን አሰማለሁ፦ «በመካከሉም ባልፈጸሙት ጥፋት፣ የመዝገብ ቤት ባልደረባቸውን ጥፋት በራሳቸው ላይ ወስደው…»

«ባልደረባቸው ስም የለውም?»

«አለው።»

«ከነአባቱ ነው ቀብር ላይ የሚነበበው።»

«የማነበው እኮ እኔ ነኝ!»

«ለዚህ ነው ልሰማው የፈለግሁት።»

ሁለት ፐርሰንት። ስሜን ጀመርኩ። የመጨረሻዋን ፊደል ልጫን ስል ስክሪኑ ድርግም አለ። ጥቁር መስታወት ውስጥ የሁለት ሽማግሌ ፊት ቀረ።

«አየህ» አለኝ ወዳጄ፣ «ባትሪው እንኳ አፈረልህ።»

በማግስቱ ሆስፒታሉ ኮሪደር ላይ ከልጆቹ ጋር ተቀመጥኩ። ኪሴ ውስጥ ያችን ላስቲክ እያሸሁ አመሸሁ ልል ነበር፤ ጊዜው ገና ረፋድ ነው፤ ለእኔ ግን መሽቶ ነበር። በኋላ ወዳጄን ከቀዶ ሕክምና ክፍል አወጡት። ከንፈሩ ደርቋል፣ ክንዱ ላይ ቱቦ ተሰክቷል። ልጆቹ «አባዬ፣ አባዬ» ይላሉ። ዓይኑን ገልጦ እነሱን አልፎ እኔን ፈለገኝ። የተናገረው የመጀመሪያው ቃል ይህ ነው፦

«ሴቭ አድርገኸዋል?»

ልጆቹ ማደንዘዣው ነው የሚያናግረው ብለው ተያዩ። እኔ «አዎ» አልኩት። አላወቅሁም ነበር፤ ዋሸሁ።

ከሰዓት ቤቴ ስገባ መብራት መጥቷል። ኮቴን ሳላወልቅ ላፕቶፑን ሰካሁ። የሚጻፈውን በየደቂቃው በራሱ ያስቀምጣል ሲል ልጄ ነግሮኝ ነበር፤ አስቀምጧል፣ ግን እስከ አንድ ቦታ ድረስ ብቻ። «የመዝገብ ቤት ባልደረባቸውን ጥፋት በራሳቸው ላይ ወስደው» ይልና ያቆማል። ስሜ የለም። እንዲህም ሆኖ በጣም ያምር ነበር። ልክ የቀብር ጽሑፍ ይመስላል። ባልደረባ ብዙ ነው፤ ግማሾቹ ሞተዋል፣ በአንዱ ላይ ማሳበብ ይቻላል። ወዳጄ አልጋ ላይ ነው፣ ባለቤቴ በርበሬዋን ለማስፈጨት ወፍጮ ቤት ሄዳለች። ማንም አያይም።

ኮቴን አወለቅሁ። ከዚያ በሁለት ጣቴ፣ ፊደል እየፈለግሁ፣ ስሜን ከነአባቴ ከነአያቴ ጻፍኩት። ፍላሹንም ከማሸጊያው አውጥቼ ሁለተኛ ቅጂ አስቀመጥኩበት።

ወዳጄ ድኗል። አሁን በየሳምንቱ እየደወለ እርማት ይልካል፤ «ሩህሩህ»ን ሰርዟል፣ ውጭ አገሩን ግን አላስነካም። ማን ቀድሞ እንደሚሄድ አይታወቅምና የእኔን ደግሞ እሱ ሊጽፍ ቃል ገብቷል። ከነላስቲኩ እንዲያደርገው ለምኜዋለሁ።